ለጥናት የተቆጠረ አባት

የዘመናዊ ኢኮኖሚ ታሪክ ለሁለተኛ ዲግሪ ሳጠና፣ ጣልያን ከወጣ ወዲህ የደጋው ርስት እንዴት እንደተከፋፈለ ልጽፍ ተነሳሁ። አገር መምረጥ አላስቸገረኝም፤ ከጎንደር በበቅሎ አንድ ቀን የሚያስኬደውን የእናቴን አገር ያዝኩ። እናቴ ሞታለች፤ ታላቅ ወንድሟ ግን አሉ። ቅቤና ማር እየላኩ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የገባሁ ዕለት በግ አረዱልኝ። «ሸጋ ሰው ወጣህ!» እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል። በማግስቱ ደብተሬን ገለጥኩና፣ «እስቲ አያ፣ አባት ይቁጠሩልኝ፤ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ» አልኳቸው።

«ምነው?»

«ለትምህርቴ ነው።»

ሰባት አባት ቆጠሩልኝ፤ ድምፃቸው ግን እየቀነሰ ሄደ። የረሱ መስሎኝ፣ እኔ እብሪተኛው፣ አዘንኩላቸው። ይባስ ብዬ፣ «የእናቴ ድርሻስ የትኛው ነበር?» አልኩ። ምሳሌ ያስፈልገኝ ነበራ! የወንዙን ዳር ማሳ በጣታቸው አሳዩኝና ወደ ከብቶቹ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጥዱ ሥር ተሰብስበው አስጠሩኝ። ሁሉንም ባንድ ቦታ ልጠይቅ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እርሳሴን ቀርጬ ሄድኩ። አጎቴ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመዋል።

«አባት አስቆጥሮ መጥቷል፤ አልክድም። የእኅቴ ልጅ ነው። የወንዙን ዳር ይውሰድ፤ የተረፈውን ግን ለልጆቼ ይተውልኝ» አሉ።

ክው አልኩ። ርስት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ አባት እንደሚያስቆጥር አላውቅም እንዳልል፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። መምህሬም ከሥሩ አስምረው አመስግነውኛል። ያን የጻፈ ሰው የአጎቱን በግ በልቶ፣ በገዛ ቤታቸው ከሷቸው ተቀምጧል!

«ኧረ መሬት አልጠየቅሁም! አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩ።

«እንግዲያ ምነው ጻፍከው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «የተማረ ሰው ዛሬ ይጽፋል፣ ነገ ይከሳል።»

ልማል አልኩ። ማል አሉኝ፤ ማልኩ። አባቶቹን የጻፍኩበትንም ወረቀት ከደብተሬ ገንጥዬ እፊታቸው ቀደድኩት።

«ሸጋ» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ለቃልህ ዋስ ጥራ።»

በዚያ አገር ማንን አውቃለሁ? ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁሉም ባዳ ነው።

«አጎቴን» አልኩ።

አጎቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሌላ ሰው ይጥራ» አሉ።