የሰዓዳ ድሪቶ

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ መርሳ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የወንበሩ ልባስ ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነበር። ቀይ፣ አበባማ፣ ባለመስመር፣ ያልገባበት ቀለም የለም። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት "ምን ያለ ድሪቶ ነው!" ብላ ሳቀች። እኔ ስፌቱን በጣቴ ስዳብስ ሲሪንቃን ማለፋችንን እንኳ ልብ አላልኩም።

እኔም ድሪቶ የሰፋሁ ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ የሰሜኑ ጦርነት እኛ ደጅ ደርሶ፣ በአስፋልቱ ላይ ከወታደር መኪና በቀር የሚያልፍ አልነበረም። ሰዓዳ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ጥንቅሽ ለሁለት ሰብረን እየመጠጥን ነው ያደግነው። ያን ዓመት ልቧን ታመመች። ጋደም ካለች ትንፋሽ ስለሚያጥራት ቀንም ሌሊትም ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ደሴ፣ መንገዱ ዝግ። የመርሳ ፀሐይ ሁላችንንም ሲያቃጥለን እሷን ጭኗንና እግሯን ይበርዳታል፤ ጋቢ ስንደርብላት ደግሞ "ከበደኝ፣ አንሱልኝ" ትላለች።

ቀለል ያለ ድሪቶ ልሰፋላት ተነሳሁ። እናቴ "የሰውን ልጅ ለማኝ ልታስመስዪ ነው?" ብላ ተቆጣች። እልኸኛ ስለነበርኩ አልሰማኋትም። ከልብስ ሰፊው ደጅ ቁርጥራጭ ለቀምኩ፣ የራሴን አሮጌ ቀሚስ ቀደድኩ። ስፌቴ የዶሮ ጭረት ይመስል ነበር፣ ግን ገጠመ። የቀረው ገበሩ ነው። የስፌቱ ቋጠሮ ገላዋን እንዳይቆረቁራት ከስር ነጭ ለስላሳ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ሱቆቹ ግን ባዶ ነበሩ።

በመንደራችን የጠፋ ነገር የሚፈለገው እማ ዘሀራ ዘንድ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። እየሮጥኩ ገባሁና፣ እያለከለክሁ፦

"እማ ዘሀራ፣ ለሰዓዳ ነጭ ጨርቅ ፈልጌ ነበር።"

"ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!" ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። እንባቸው እየወረደ ሳጥናቸውን ከፍተው የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጡ። ያን ጊዜ ነው ጅልነቴ የገባኝ። ከታመመች ልጅ ቤት ሮጦ መጥቶ ነጭ ጨርቅ የሚጠይቅ ሰው ከከፈን ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል?

"ኧረ አልሞተችም! ለድሪቶ ገበር ነው!"

ቁጭ አሉ። ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀባቸው። "አልሐምዱሊላህ! አንቺ ደንባራ፣ ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ!"

ጨርቁን ይመልሱታል ብዬ ጠበቅሁ። የራሳቸው ከፈን ነበር። ወንድማቸው ከመካ በዘምዘም ውሃ ነክሮ ያመጣላቸው፣ ለራሳቸው ቀን ያስቀመጡት። ጭናቸው ላይ ዘረጉትና "መቀሱን አቀብዪኝ" አሉ።

"ይህማ የእርስዎ ነው እኮ!"

"የተረፈው ይበቃኛል። እኔ ገና ነኝ፤ ልጅቱን የበረዳት ዛሬ ነው።"

መቀሱ ጨርቁን ሲበላው ጫፉን ይዤላቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ታቦት ሲወጣ ካልሆነ በቀር እንዲያ ያለ ፍርሃት ተሰምቶኝ አያውቅም። ሰው ይህን ያህል ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ገና አየሁ።

ድሪቶውን ጨርሼ ለሰዓዳ ካለበስኳት በኋላ፣ ገበሩ ከፈን መሆኑን ሳምንት ሙሉ ደብቄያት በመጨረሻ ነገርኳት። ገበሩን ለረጅም ጊዜ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ትንፋሽ እያጠራት ሳቀች። "እንግዲህ መልአኩ ሲመጣ 'ይቺስ ተከፍናለች' ብሎ ይመለሳል።"

አልተመለሰም። መንገዱ ሳይከፈት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ድሪቶው ጭኗ ላይ እንዳለ ግድግዳዋን ተደግፋ አረፈች።

ለቅሶ ቤቱ እማ ዘሀራ አጠገብ ተቀምጬ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ። "ጨርቅዎን በከንቱ አስቆረጥኩዎ" አልኳቸው።

እንደ ባለጌ አዩኝ። "ምነው ልጄ? ሰባት ወር ሙሉ ሞቋት የለም እንዴ?"

አሁን በዕድሜ ወደ እሳቸው እየተጠጋሁ ነው። የማይድን በሽተኛ ልጠይቅ ስነሳ ልጆቼ "ሄደሽ ምን ልትፈይጂለት?" ይሉኛል። አልከራከራቸውም። እሄድና፣ ከሰላምታ ቀጥሎ፣ የቱ ጋ እንደሚበርደው እጠይቀዋለሁ።