ድቤው ሲጠነክር

ልጄ አራት ዓመት ሞልቷት አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። ስሟን ስንጠራት አትዞርም። ከቤታችን አጠገብ ያለው ፋብሪካ ፊሽካ ሲጮህ ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ግድግዳ ሥር ትወድቃለች። መስማት እንዳልተሳናት ያወቅኩት በዚያ ነው። ሌላውን አላውቅም። በዚያ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ለዚህ ነገር ስም ያለው ሰው አላገኘሁም፤ ጎረቤቶቻችን የሚያውቁት አንድ ስም ነው፤ ጂኒ።

ግጥም እንደምሞክር ስለሰሙ፣ «አባትየው ቃሉን ሁሉ ጨርሶባት ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አብሬያቸው እስቃለሁ። ሚስቴ አትስቅም።

አንድ ሐሙስ ሚስቴና እናቷ ወደ ወዳጃ፣ ድቤ እየተመታ ዱዓ ወደሚደረግበት ስብስብ፣ እንውሰዳት አሉኝ። ተስማማሁ። ደሴ ከአውቶቡስ ወርደን፣ ሰኞ ገበያ የሚባለውን ሰፈር በግፊያ አልፈን፣ በእግር ወደ ገጠሩ ወጣን። ቀበሌው እንዲህ ያለውን ስብስብ «አድኃሪ ልማድ» ስለሚለው የወዳጃው ቤት በርና መስኮት ተዘግቷል፤ ድቤው ውጭ እንዳይሰማ ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ ተወትፏል።

ዱዓውን የሚመሩት ሸህ በደግ ድምፅ ጀመሩ። «ያረቢ፣ ምላሷን ፍታላት።»

«አሚን!» አለ ቤቱ ሙሉ ሰው። እኔም ከልቤ አሚን አልኩ።

ከዚያ ድቤው ተመታ። ልጄ ጆሮዋን ደፍና ጮኸች፤ ግንባሯን ከመሬቱ ጋር ታጋጨው ጀመር።

«ይኸው! ጂኒው ሊወጣ ነው!» አሉ አማቴ በደስታ።

«ጠንከር አርጉት፤ ጩኸቱ የሷ አይደለም» አሉ ሸሁ።

እሷ በጮኸች ቁጥር ድቤው ይጠነክራል፤ ድቤው በጠነከረ ቁጥር እሷ ይብስባታል። ተነሣሁ። ዱዓ መሀል እንደዚያ ተነሥቼ አላውቅም።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድምፁ ነው የሚያማት።»

«ተቀመጥ ልጄ። እሱው ነው በአንተ አፍ የሚለምነኝ።»

አቅፌያት በሩን በእግሬ ገፍቼ ወጣሁ። ማሳው ዳር ተቀምጬ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሚስቴ ተከትላን ወጣች።

«ዱዓው ሳይዘጋ አስወጣሃት።»

«ግንባሯን እይው እስቲ።»

«ግንባር ይድናል። ምላሷስ? ከእንግዲህ ባትናገር፣ ወላሂ፣ ባንተ ነው።»

ልክ መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር። ልጅቷን ከእጄ ወሰደች፤ ኮምቦልቻ እስክንደርስም ከእቅፏ አልሰጠችኝም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሥራ ስገባ ቤቱ ተቆልፏል።

«ሚስትህ ከእናቷ ጋር ልጅቷን ይዘው ደሴ ወጡ» አለችኝ ጎረቤታችን። «አንተ ከመጣህ እንዳልነግርህ ብላኝ ነበር።»

መናኸሪያ ሮጥኩ። መኪኖቹ ለዘመቻ ጭነት ተወስደው አንድም አልቀረም። ዱዓው ሳያልቅ እንደማልደርስ እያወቅኩ ዳገቱን በእግሬ ጀመርኩት።