የጁምዓ ደቂቃዎች

የማሽላ አቧራ ሲሸት ሌላው ሰው አውድማ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ላፕቶፕ ነው። ትናንት ገበያ ውስጥ እህል ሲሰፈር ሸተተኝና ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ድረስ ወሰደኝ።

ላፕቶፑን ከሪያድ የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። ጊዜው ከለውጡ በኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲያችን በረብሻ ተዘግቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። በፍላሽ የገለበጥኩት የፕሮግራሚንግ ትምህርት ነበረኝ፤ ሲጠፋብኝ የምጠይቀው ሰው ግን በከተማው አልነበረም። ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ከስክሪኑ ጋር ብቻዬን አወራ ነበር።

ትምህርቱ ከራሳችሁ ሕይወት ትንሽ ዳታ ሰብስቡና ግራፍ ሥሩ ይላል። ከእኔ ሕይወት ምን ይሰበሰባል? እህቴ በየጁምዓው ትደውላለች። ደቂቃውን ከስልኩ እያየሁ መዘገብኩ፤ አሥራ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት። ነጥቦቹ በመስመር ተያይዘው ሲወጡልኝ እናቴን ጠራኋት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ከፍ ያለውን ጫፍ እንዳየች "ይቺ የዒዱ ናት፤ ብዙ አወራን" አለች። ልክ ነበረች።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት እኛም ዘንድ ደረሰ። መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። እናቴ ላፕቶፑን እንዳይዘረፍ በፎጣ ጠቅልላ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። ጁምዓ ጁምዓ ባትሪው ያለቀውን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። እኔ ግን ኔትወርክ እንደሌለ እያወቅኩ እህቴን ተቀየምኳት፤ ሪያድ ተመችቷት ረስታናለች አልኩ። ብቸኝነት ሰውን ነገረኛ ያደርጋል።

መብራት ተመልሶ ኔትወርኩ ገና ሳይመጣ፣ ላፕቶፑን አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ። ጥሪ ያልገባባቸውን ጁምዓዎች ባዶ ብተዋቸው መስመሩ እዚያው ላይ ይቆረጣል። መቆረጡ አስቀየመኝና ሁሉንም ዜሮ ሞላኋቸው። ዛሬ እንጀራዬ ይኸው የዳታ ሥራ ስለሆነ፣ ብዙ ጀማሪ ያልታወቀውን ዜሮ ብሎ እንደሚሳሳት አውቃለሁ። የእኔ ግን ስህተት ብቻ አልነበረም። መስመሩ ወርዶ ከታች ተጋደመ።

"ይኼ የተኛው ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ያልደወለችባቸው ናቸው።"

ጠጋ ብላ አየችው። "አልደወለችም ብሎ ማን ነገረሽ? እኛ አልሰማንም እንጂ። በሰው ላይ የማታውቂውን አትጻፊ፣ ልጄ።"

አፈርኩ፤ ዜሮዎቹን ግን አላጠፋሁም። እልህ ይዞኝ ነበር።

ኔትወርክ በተመለሰ በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ጁምዓ እንኳ አልነበረም።

"እማ፣ አላችሁ?"

"አልሐምዱሊላህ አለን፤ አብሽሪ።"

እህቴ አለቀሰች፤ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። "በየጁምዓው ስደውል ያቺ የስልክ ውስጥ ሴትዮ ስልኩ አይሠራም ትለኛለች። እሷም ብትሆን አማርኛ ታወራለች ብዬ ደግሜ እደውልላታለሁ። እዚህ የምሠራበት ቤት በቋንቋዬ የሚያናግረኝ የለም፣ እማ።"

እሷ ለአንድ ቃል አማርኛ ስልክ ስትቀጠቅጥ፣ እኔ እዚህ ዜሮ እጽፍባት ነበር። ይቅርታ ልላት አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ስልኩ ሲዘጋ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። መስመሩ ተቆረጠ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ባዶው ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ አስኬደችው።

"እዚህ ጋ ስትደውል ነበር" አለች።