እትዬ ጽጌ ያላሉት ቃል

ይህን ነገር ከአንዲት እናትና ከልጇ በቀር ከአፌ የሰማው የለም። ባሌ አያውቅም፣ የነፍስ አባቴ አያውቁም፣ መሥሪያ ቤቴም አያውቅም። አሁን ማንም ሁኑ ለምታነቡት እናገራለሁ፤ ስትሰሙኝ ግን እንዳታዝኑልኝ አደራ።

ሥራዬ ሰው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ በልቡ የሚያስበውን ማወቅ ነው። ዳውንታውን ዴንቨር ያለው ድርጅታችን ለክሊኒኮች ታብሌት ያዘጋጃል፤ ታካሚው ሲደርስ ታብሌቱ ላይ ስሙን ያስገባል፣ መምጣቱን ያሳውቃል፣ ተራውን ይጠብቃል። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሰዎች ጠርተን እናስሞክራለን። እየነካችሁ የምታስቡትን ሁሉ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ እንላቸዋለን። ሕጋችን አንድ ነው፦ አትርዳ። ሰውየው ከተሳሳተ ያጠፋነው እኛ ነን። ይህን ሕግ ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

የአማርኛውን ገጽ የተረጎምኩትም እኔ ነኝ። ኮርቼበት ነበር። የሚሞክሩ ትልልቅ ሰዎች ሲፈለጉ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን እትዬ ጽጌን ለመንኳቸው። እትዬ ጽጌ ሞንትቤሎ በሚባለው የዴንቨር ሰፈር ከልጃቸው ከዳዊት ጋር ይኖራሉ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። መኪና ነድተው አያውቁም፤ የማያውቁት አውቶቡስ ግን አልነበረም። ለቀብርም ለክርስትናም፣ ፒዮሪያ ስትሪት የምትኖር የታመመች ጓደኛቸውን ለመጠየቅም ብቻቸውን ይሄዱ ነበር።

በሙከራው ቀን መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ነኝ። ባልደረባዬ ኬለን ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ታያለች፤ አማርኛ አትሰማም። እትዬ ጽጌ ስማቸውን አስገቡ፣ የልደት ቀናቸውን አስገቡ፣ መጨረሻው ገጽ መጣ። ከላይ «መረጃዎን ያረጋግጡ» ይላል። ከታች «አረጋግጥ» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ አለ።

«ያረጋግጡ አለኝ» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ እንደነገርኳቸው። «ስሜ... ልክ ነው። የልደት ቀኔ... እሱም ልክ ነው። በቃ፣ አረጋገጥኩ።» ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው፣ «አሁን እስኪጠሩኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ምን አጠፉ? ያረጋግጡ የሚል አነበቡ፣ አረጋገጡ። የእኔ ቃል ያዘዛቸውን ሳያጓድሉ ፈጸሙ። ቁልፉ ካልተነካ ግን ክሊኒኩ መምጣታቸውን አያውቅም። የመረጥኩት ቃል ሰው እንደሚያሳስት እዚያው፣ በዓይኔ አየሁ። ሳላየው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ የምናዘዘው ባልኖረኝ።

ፈራሁ? አፈርኩ? ሁለቱንም። ቃሌ እንዲነቀፍ አልፈለግኩም። እትዬ ጽጌም በፈረንጅ ፊት የማያውቁ እንዲመስሉ አልፈለግኩም፤ ለእሳቸው አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ፈገግ እያልኩ፣ «እትዬ፣ ከታች ያለችውን ሰማያዊ ይንኳት» አልኳቸው። ነኳት።

ኬለን በድምፅ ማጉያው፣ «ምን አሉ? ለምን አስቀመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከመንካታቸው በፊት ደግመው እያነበቡ ነበር። ምንም አልቸገራቸውም» አልኳት።

በደሌ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው። የሰው ሐሳብ ልተረጉም ተቀምጬ የራሴን ሐሳብ በእሳቸው አፍ አስገባሁ። ያሉትን ቀበርኩ፤ ያላሉትን ተናገርኩ።

ታብሌቱ ሥራ ጀመረ። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ የሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክም ወሰደው። እትዬ ጽጌ ስኳር ዓይናቸውን ስለነካው መርፌ የሚወጉት እዚያ ነበር። በቀጠሯቸው ቀን በአውቶቡስ ሄዱ፣ ስማቸውን አስገቡ፣ አረጋገጡ፣ ተቀመጡ። ከኋላቸው የመጡት ሲገቡ ዝም አሉ፤ ሰው መቅደም አይወዱም። ሲጨንቃቸው ተነሥተው ቢጠይቁ፣ አልመጡም ተብሎ ቀጠሮው ተሰርዟል ተባሉ። አዲሱ ቀጠሮ ራቀ። እስከዚያ የግራ ዓይናቸው ደከመ። በመዘግየቱ ይሁን ባይዘገይም የማይቀር ይሁን፣ ሐኪሙ ለይቶ መናገር አልቻለም። እኔም አላውቅም። ባለማወቄ ግን ልከለልበት አልፈልግም።

ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ፓርኪንጉ ላይ፣ ዳዊት ክንዳቸውን ደግፎ ሲሄዱ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ አሳፈርኩሽ» አሉኝ። «ሰማያዊዋን ይንኩ ብለሽ አሳይተሽኝ አልነበር? ረሳሁት። ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ ነበር? እኔ ግን ምን አልኩ? «አይዞዎት እትዬ፣ የማይረሳ ማን አለ?» አልኩ። ደግ የሚመስል ቃል ነው። ከመጀመሪያው ውሸቴ የከፋው ግን እሱ ነው።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ የቁልፉን ጽሑፍ «መምጣቴን አሳውቅ» ብዬ ቀየርኩት። ለምን ቀየርሽው ያለኝ የለም። በአማርኛው ገጽ ላይ ቁልፉን ሳይነኩ የቀሩትን በመዝገቡ ስመለከት ወጣቶችም ነበሩበት። እነሱም ስማቸውን አይተው፣ ልክ ነው ብለው ተቀምጠዋል። ይህን እያወቅኩ ማሽኑን አቃናሁና እትዬ ጽጌን ተውኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው የምሰማው ከዳዊት ነበር። አውቶቡስ መሳፈር ትተዋል። ስቶቭ መለኮስ ይፈራሉ። በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ እያሉ ደጋግመው ይጠይቁታል። አንድ ቀን ስልክ ላይ፣ «ሜሞሪዋን ቼክ እንዲያደርጓት አፖይንትመንት ይዣለሁ። የመርሳት በሽታ እየጀመራት ነው መሰለኝ» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። የነካሁት ዓይናቸውን ብቻ አልነበረም። አንዲት ሴት በገዛ አእምሮዋ ላይ የነበራትን እምነት ነው የወሰድኩባት።

ሞንትቤሎ ሄድኩ። ሳሎን ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄዋለሁ። የተረጎምኩትን ቃል፣ ያየሁትን፣ ለኬለን ያልኳትን፣ ፓርኪንጉ ላይ የዋሸሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

ስለ ዓይናቸው ያነሡብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን፣ «ያኔ አረጋገጥኩ ያልኩት ልክ ነበር?» አሉኝ።

«ልክ ነበር፣ እትዬ።»

«ሰማያዊዋንስ?»

«እሷን ገጹ ራሱ ሊነግርዎ ይገባ ነበር። እርስዎ የተጻፈውን ነው የፈጸሙት። ሌሎችም እንደ እርስዎ አድርገዋል።»

«እንግዲያ ጭንቅላቴ አልከዳኝም።»

«አልከዳዎትም።»

ዳዊትን ተጣሩ። ከጋራዥ እጁን እየጠራረገ መጣ። «ድገሚለት» አሉኝ። ደገምኩለት። በእንግሊዝኛም አስደገሙኝ፣ አንድ ነገር እንዳያመልጠው። ዳዊት እኔን አላየኝም፤ እናቱን ነው ያየው። «አይም ሶሪ ማሚ» አለና አጠገባቸው ተቀመጠ። እሳቸው እጁን ያዙ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። እግዜር አሉ እንጂ እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ያሉት ይህን ነው፤ ለራሴ እንዲመቸኝ አድርጌ አልተረጉመውም።