የመንግሥት ድመቶች

ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። የእንስሳት ጤና ረዳትነት ኮርሴን ጨርሼ፣ ካኪ ሱሪዬን አስተኩሼ፣ የመድኃኒት ቦርሳዬን በትከሻዬ አንግቼ ስደርስ የጠበቅሁት ከብትና ግመል ነበር። ዘበኛው ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ጓድ ሰይድ፣ ዕቃህ እዚህ ነው» አለና በሩን ከፈተልኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ድመቶች አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታችኛው አዋሽ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ አይጥ የጥጥ ፍሬውን ጨረሰው። የእርሻውን ስም አልጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። አንድ የበላይ አካል ከከተማ ድመት ተሰብስቦ ይላክ ብሎ አዘዘ። ተሰበሰበ። ከዚያ የመኪና ፈቃድ ሲጠበቅ ሳምንታት አለፉ። የሚሰበስበው ክፍል ሌላ፣ የሚያጓጉዘው ክፍል ሌላ፤ የሚቀልባቸው ክፍል ግን አልነበረም።

በሕይወት የነበሩት ሃያ ቢሆኑ ነው። የሞቱት እዚያው መሐላቸው ወድቀዋል። እከክ ጆሯቸውን በልቶታል፣ ዓይናቸው በአይናር ተጣብቋል፣ አንዳንዶቹ ስገባ ቀና ለማለት እንኳ አቅም አጡ። ዘበኛው ትዝ ሲለው ደረቅ ዳቦ በውኃ እያራሰ ይጥልላቸው ነበር። በሩን ለምን አልከፈትክላቸውም ብዬ ጠየቅሁት፤ ትእዛዝ አልመጣልኝም አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደግነቱም ቢሆን ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር እንጂ።

በቲማቲም ሳጥን አድርገን በኤንትሬ የጭነት መኪና ጫንናቸው። ሾፌሩ በገዋኔና በሚሌ በኩል እስክንደርስ ድረስ አፉን አልዘጋም፤ መድፍ ጭኛለሁ፣ ሲሚንቶ ጭኛለሁ፣ ድመት ጭኖ መሄድን ግን ለእናቴ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ ይላል። ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ሜዳ ያኔ ከነፋስና ከግመል በቀር ምንም አልነበረበትም። እሱን አልፈን እርሻው ስንገባ ሁለቱ ሞተዋል።

እንግዲህ ስለ ሥራው ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ለሙያ ልጆቼ ነውና። የተራበን ድመት አንድ ጊዜ አጥግባችሁ ብታበሉት ትገድሉታላችሁ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው። እኔ በፍየል ወተት ውኃ ጨምሬ ጀመርኩ። ወተቱን የሚያመጣልኝ የእርሻው መጋዘን ጥበቃ፣ ሐመዱ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር። ከወተቱ በኋላ አምባዛ ቀጠልኩ። ከቦዩ ዓሣ የሚያጠምዱ የቀን ሠራተኞች ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን ይሰጡኛል፣ እኔ ቀቅዬ አጥንቱን እለቅማለሁ።

ለእከኩ ድኝ በዘይት ለውሼ እቀባ ነበር። ዓይናቸውን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አጥባለሁ። ድመት በባዶ እጅ አይያዝም። በጥጥ መልቀሚያ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጭንቅላቱን ብቻ ታወጣላችሁ። ለሙቀቱ በሚያድሩበት ቤት ጣሪያ ላይ እርጥብ ጆንያ አነጥፋለሁ፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደገና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍርሃቱን ማስለቀቅ ነው። ለዚያ መድኃኒት የለውም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው መሬት ላይ እቀመጥ ነበር። አላያቸውም፣ አልጠራቸውም፤ ዝም ብዬ የከብት ክትባት መርፌዎቼን እጠርጋለሁ። አንድ ቀን አንዷ መጥታ ወገቤን ታካለች። ያን ጊዜም ዞር አትሉም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ተቧጭሬ ተቧጭሬ የተማርኩት ነው።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሲያየኝ ተቆጣ። ለአይጥ መያዣ ያመጣናቸውን ትቀልባለህ እንዴ አለኝ።

«የጠገበ ድመት አይጥ አይዝም» አለ።

«የሞተም አይዝም ጓድ» አልኩት።

ደግነቱ ሳቀ። ያኔ ስቆ የሚያልፍ አለቃ ማግኘት ዕድል ነው። ባልስቅ ኖሮ አልቆልህ ነበር ብሎኝ ሄደ።

ከድመቶቹ አንዲት ግራጫ ነበረች፣ አንድ ዓይኗ ፈሶ የቀረ። የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ታደሰ፣ ከሸዋ የመጣ፣ ጡረታው የቀረበ፣ ነገር የማይከብደው ሰው፣ «ብሌን» ብሎ ሰየማት። ብሌን ከእጅ ካልሆነ አትበላም። እኔ ደግሞ ለክትባት ወደ አፋምቦ መውረድ ነበረብኝ። ሎጊያ ላይ ምግብ ቤት የነበራት እትዬ ዘሃራ፣ የባቲ ሰው፣ ወሬውን ሰምታ እኔ ዘንድ አምጣት አለችኝ። ድመት አስራ ያስራበች ሴት እሳት ገባች ሲባል ከሸሆች ሰምታ ያደገች ናት፤ ድመት ተርባ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ስመለስ ብሌን የእትዬ ዘሃራ የዱቄት ከረጢት ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ልውሰዳት ስል «ወላሂ አትወስዳትም ሰይዶ፣ ቤቴ አይጥ ከጠፋ ሳምንት ሆነው» አለች። ተውኩላት። አንድያ ልጇ ጀማል ከትምህርት ቤት ሲመጣ ድመቷ በር ድረስ ወጥታ ትቀበለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ። ባለቤት የሌላቸው ውሾችና ድመቶች በሙሉ እንዲገደሉ መመሪያ ወጣ። እኔ ራሴን ይዤ ቀረሁ። ጋሽ ታደሰ ግን መነጽሩን ጠረገና ማነው ባለቤት የላቸውም ያለህ፣ መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ አውጥቶ ያመጣቸው አይደሉም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው። ከዶማና ከአካፋው፣ ከመድኃኒት መርጫው ቀጥሎ ድመቶቹን በቋሚ ንብረትነት መዘገባቸው። ሎጊያ ያለችውን ብሌንንም ጨምሮ። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰርን።

ጠብመንጃ የያዙት ሲመጡ ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመ። አንዷን የነካ በሕዝብ ንብረት ይጠየቃል አላቸው። ተያይተው ሄዱ። እኔ ግንባሩን ሳምኩት፣ እሱም በኩራት ጢሙን ዳበሰ። ሐመዱ ብቻ አልሳቀም። «ድመት የመንግሥት ከሆነች ነገ ፍየሌስ?» ብሎ ጠየቀን። የሞኝ ጥያቄ መስሎን ተሳሳቅን።

ድመቶቹ ሠሩ። ከበሉና ከዳኑ በኋላ የመጋዘኑ አይጥ እየሳሳ ሄዶ አለቀ ማለት ይቻላል። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ተመስግኖ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ። ስለ እኔና ስለ ድመቶቹ ያነሳ የለም፣ ሲሾሙ ማን ወደ ኋላ ያያል።

የተተካው ሰው ወጣት ነው፣ ኮሌታው የማይቆሽሽ፣ ንግግሩ ሁሉ ከስብሰባ የተቀዳ። በዘመኑ አይጥ የማያስገባ፣ የብረት በር ያለው የሲሚንቶ ግንብ መጋዘን ተሠርቶ ፍሬው ወደዚያ ተዛወረ። አዲሱ ሰው ንብረቱን ሲቆጥር ድመቶቹ ላይ ደረሰ። አሁን ምን ያደርጋሉ አለን። ምንም አልን። ስለዚህ አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ናቸው አለ። አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ይሸጣል፣ ወይ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፣ ወይ በኮሚቴ ፊት ይወገዳል። ዋጋ ስላልነበራቸው አይሸጡም። የጠየቀን መሥሪያ ቤትም የለም።

ቢሮው ገብቼ ለመንኩት። የሠራተኛው መንደር አይጥና እባብ አስቸግሮታል፣ ስንቱ አባወራ ድመት ስጠኝ እያለ ደጄን ይጠናል፣ በነፃ እናድላቸው አልኩ። ሚስቴ ምጥ ላይ ሆና እንኳ ሰው እንደዚያ አልለመንኩም።

«ዛሬ ድመት በነፃ ከሰጠሁ ነገ ትራክተር ስጠን ይሉኛል» አለ።

«ጓድ፣ ድመት እኮ ነው።»

«የሕዝብ ንብረት ነው። ያስመዘገባችሁት እናንተ ናችሁ።»

ወጣሁ።

በዚያ አገር ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከጥላ የሚወጣ የለም። ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ የድመቶቹን ቤት በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ሂዱ አልኳቸው። ከእርሻው ወዲያ ቁጥቋጦ አለ፣ ቦይ አለ፣ ወፍ አለ። አንድም አልወጣም። ውጪው እሳት ነው፣ ውስጡ እርጥብ ጆንያ አለ፣ በዚያ ላይ እኔ ቆሜያለሁ። በእግሬ እየገፋሁ አስወጣኋቸው፤ በእኔው እግር መሐል ተሹለክልከው ተመለሱ። በዚያ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አንዱ ሙቀቱ ስላላስቻለው ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ ነበር። ሁለቱ ቆጠሩ። አንድ ጎደለ። ሊቀ መንበሩ እንደገና አስቆጠረ፣ አሁንም ጎደለ። እኔ ሞታለች አልኩ። የሞት ቃለ ጉባኤ የታለ አለኝ። የለም።

ፊቱን ወደ ጋሽ ታደሰ አዞረ። ንብረቱን የተረከብከው አንተ ነህ፣ እስከ ነገ ካልተገኘ በኢኮኖሚ አሻጥር ትከሰሳለህ አለው። የዚያን ቃል ክብደት ያላየ ሰው አያውቀውም። በዚያ ቃል ስንቱ ወጥቶ ቀርቷል። ጋሽ ታደሰ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ቢጠርግ ቢጠርግ አልጠራለትም። ወደ እኔ ግን አልጠቆመም፣ ስለ እትዬ ዘሃራም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሎጊያ ደርሷል፤ ሾፌሮቹ ወስደውት ይሆናል። ቀይ ጨርቅ ያሰረች ድመት የማን ቤት እንዳለች የማያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘሃራ ቅርጫት በሻሿ ሸፍና መጣች። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ነው። ጀማል ዕድሜው እየደረሰ ነበር፤ ቀበሌው ዓይኑን በአንድ ቤት ላይ ከጣለ መጀመሪያ የሚወስደው ልጁን ነው።

ከኮሚቴው ፊት አላቆምኳትም፣ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ቅርጫቱን አልለቀቀችልኝም፣ ሁለታችንም ይዘነው ቆምን።

«ሰይዶ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለች።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አላህ እኔን ምን ይለኛል?»

ቅርጫቱን ለቀቀችው። ሻሿን እንኳ ሳትወስድ ሄደች።

ኮሚቴው ቆጠረ፤ ሞላ። ዘበኞቹ በጆንያ አስረን ቦይ ውስጥ እንጨምራቸው አሉ። አይሆንም አልኩ፣ ሥራው የእኔ ነው። ለበቅሎ የመጣ ማደንዘዣ ነበረኝ። ለሁሉም ይበቃል፣ ከበዛ የተኛው አይነቃም። በር ላይ ተቀመጥኩ። ጆንያ አላስፈለገኝም፣ መጠቅለል አላስፈለገኝም። ስጠራቸው ተራ በተራ ጭኔ ላይ ወጡ። ከእነርሱ አንዳቸውም አልቧጨሩኝም። ብሌንን መጨረሻ ላይ አደረግኋት፤ እርሷ ከእትዬ ዘሃራ ቤት በኋላ ለማንም እጅ ትገባ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ፀጉራቸው እንዴት ያምራል፣ ምን ነበር የምታበሏቸው ብሎ ጠየቀኝ። በቃለ ጉባኤውም ንብረቶቹ በጥሩ ይዞታ ላይ እንዳሉ ተወገዱ ተብሎ ተጻፈ። ሦስቱ ፈረሙ። የተኛውን ቀስቅሰው አስፈረሙት።

ጋሽ ታደሰ አልታሰረም። ጡረታውን ወስዶ አገሩ ገባ። ጀማል ግን በዓመቱ ተወሰደ፤ ድመቷ ብትመለስም ተወሰደ። ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔ ከዚያ በኋላ በሎጊያ ሳልፍ እትዬ ዘሃራ ቤት ሻይ አልጠጣሁም፣ እሷም አልጠራችኝም።

አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ወጣቶች መጥተው ስለ ሙያው ይጠይቁኛል። ስለ እከክ፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ምግብ የማውቀውን ነግሬያችኋለሁ። የቀረው ይህ ነው። የተጎዳች ድመት ስታነሱ፣ በዚያው ቀን የምትገባበትን የሰው ቤት መፈለግ ጀምሩ። ሥጋዋ ሲመለስ ዳነች አትበሉ። የሚወስዳት ሰው ከተገኘ ቶሎ ስጡ፣ ነገ አትበሉ። መጋዘን ቤት አይደለም።