ሐይቁን የማይጋርድ ቀጋ፤ ስለ ወይዘሮ ዝማም ፈንቴ

ወይዘሮ ዝማም ፈንቴ ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸው እናትነሽ ስልክ ደውላ «እናቴ ሄደች» ስትለኝ፣ እኔ «ወዴት?» ብዬ ጠየቅኋት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቁ ያሳፍራል። ግን እትዬ ዝማም ጉልበታቸው ከደከመ በኋላም ምርኩዛቸውን ይዘው የሰው ጓሮ ሲጎበኙ ይውሉ ስለነበር፣ ዛሬ ደግሞ የማን ግቢ ገቡ ብዬ ነበር። ልጅቱ ማልቀስ ስትጀምር ነው የገባኝ።

በቀብራቸው ዕለት የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። የመሪጌታ ፈንቴ ልጅ መሆናቸውን፣ በሐይቁ ዳር በነበረው ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ብዙ ዘመን ማገልገላቸውን፣ አበባ ይወዱ እንደነበር ተናገረ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ የሚናገር ሰው ካለ ተባለና እኔ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሲያየኝ የማውቀው ነገር እርስ በርሱ ተምታታብኝ። «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ያልተናገርሁትን፣ እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ልጻፈው ብያለሁ። እየጻፍሁትም ግራ እንደተጋባሁ ነው።

እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከእርሻ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ወጥቼ የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ሆኜ ተመደብሁ። በደረስሁበት ጠዋት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንዲት ቀጠን ያሉ ሴት፣ ጣሳ ውስጥ ከተተከለች አጭር ቀይ ጽጌረዳ ፊት ተንበርክከው አገኘኋቸው። እሾህ ማውጫ ወረንጦ ይዘዋል። ገና ያልፈነዳውን እምቡጥ በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው ውስጡ ያሉትን ቢጫ ክሮች አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ከራሷ እንዳታረግዝ ነው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ከዚያ ከመቀነታቸው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የቀጋ አበባ ዱቄት ነበር። በዶሮ ላባ ጫፍ ነካ አድርገው እምቡጡን ቀቡና በጨርቅ ከረጢት ሸፍነው በክር አሰሩት። እኔ ይህን ሥራ ያየሁት በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው። ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቅ፣ አባታቸው የዱባ አበባ ሲያገናኙ አይተው እንደሆነ ነገሩኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከንብ ነው የተማርሁት አሉ። ሁለቱንም አመንሁ። ያኔ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ መስጠታቸው አላስጨነቀኝም ነበር።

ቀጋን፣ የዱሩን ጽጌረዳ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቁመቱ ከአጥር ይበልጣል፣ እሾሁ ልብስ ይቀድዳል፣ ነጭ አበባው ግን ሽታው ከሩቅ ይጣራል። እትዬ ዝማም የፈለጉት ያንን አበባና ያንን ሽታ ከጉልበት በማይበልጥ ቁጥቋጦ ላይ ማየት ነበር። «እዚህ ዳር የምንተክለው ሁሉ ረጅም ነው» ይሉ ነበር። «አረፍ ያለ ሰው ውኃውን ማየት አለበት። አበባው ሐይቁን አይጋርድ።» እንዲህ ያለ ሥራ አልታዘዝንም። የታዘዝነው ባሕር ዛፍና የአጥር ችግኝ ነበር። እኔ ግን ኃላፊ ነኝና አንድ መደብ ፈቀድሁላቸው፤ መዝገብም ከፈትሁ።

ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያዎቹ ዘሮች ጭራሽ አልበቀሉም። የቀጋ ዘር ብርድ ካልነካው አይነቃም የሚለውን ከትምህርቴ አስታውሼ ስነግራቸው፣ ዘሩን በእርጥብ አሸዋ ቀላቅለው በአንድ ሆቴል የሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡት። የሆቴሉን ወጥ ሠሪ እንዴት እንዳሳመኗት አላውቅም፤ ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልነካውም። በሚቀጥለው ክረምት በቀለ። የበቀለው ሁሉ ግን እንደ ቀጋው ረጅምና እሾሃም ሆነ። እኔ ነገሩ አይሆንም ብዬ መደቡን ለባሕር ዛፍ ልመልሰው ነበር። እሳቸው ረጃጅሞቹን ልጆች ከአጭሯ እናታቸው ጋር እንደገና እያገናኙ «ገና የልጅ ልጆቹን መች አየን?» አሉኝ።

በዚህ መካከል ወባ ጥሎኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ባለቤቴ ብርቄ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ በከተማው ዘመድ አልነበራትም። እትዬ ዝማም ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ አጥሚት ይዘው ይመጡ ነበር። እስክጠጣ ድረስ ቆመው ይጠብቁና ከዚያ ተቀምጠው የችግኞቹን ወሬ ይነግሩኛል። ከዳር ሦስተኛዋ ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል፣ የመሐሉ እምቡጥ ይዟል እያሉ፣ የዘመድ ወሬ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ድኜ ስመለስ መዝገቡን ገለጥሁ። የሦስቱ ሳምንት ሥራ ሁሉ እንደ ብራና መጽሐፍ ባማረ ቁም ጽሕፈት ተመዝግቧል። እኔ «እጽዋት» ብዬ የጻፍሁትም ተሰርዞ በላዩ «ዕፀዋት» ተብሏል። እትዬ ዝማም ማንበብና መጻፍ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የመሪጌታ ልጅ መሆናቸውን እያወቅሁ ይህን አለማሰቤ የራሴ ጥፋት ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። በዚያው መዝገብ፣ በየገጹ ራስ ላይ፣ «ያዳቀለው ባለሙያ» በሚለው መስመር የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። መዝገቡን ሳሰምር የቀን ሠራተኛ ስም የሚገባበት ቦታ አላበጀሁም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው ብዬ ጻፍሁት። እሳቸው ፊደሌን ያቃኑ ሴት ስሜን ሳያዩ አልቀሩም። አንድም ቀን አላነሡብኝም። እኔም አላነሣሁም።

በስምንተኛው ዓመት ክረምት ላይ አምስት ችግኞች ከጉልበት በታች ቆመው አበቡ። አበባቸው ነጭ ሆኖ ጫፉ በቀይ የተነከረ ይመስላል። እሾሃቸው ጥቂት ነው። ሽታቸው የቀጋ ነው። እትዬ ዝማም ባዩት ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብለው ሐይቁን አዩ። ከዚያ «ይታያል» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ልጇ ሰሜን ጦር ግንባር የቀረባት አንዲት እናት ወደ ጣቢያው መጣች። የሚቀበር ነገር እንዳልተላከላትና ልጇን የምታስብበት ቦታ እንደሌላት ነገረችንና፣ በጓሮዋ የምትተክለው አበባ ለመነች። እትዬ ዝማም ከአምስቱ አንዱን ነቅለው ሰጧት። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላን ነው፣ ለዘር የቀረን አራት ብቻ ነው ብዬ ተቆጣሁ።

«ለሰው ካልሆነ ለማን ነው የምናራባው?» አሉኝ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚያችው እናት ጓሮ ሦስት የሚተከል ቁራጭ ይዘው መጡ። በዓመቱ መደቡ ሞላ።

እንግዶቹ የመጡት ያኔ ነው። የአብዮት በዓል ሊከበር ወራት ሲቀሩት፣ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ጣቢያውን ጎበኙ። የሚመሯቸው ሰው ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አበባ የሚያውቁ ነበሩ። መደቡ ፊት ቁጢጥ ብለው አሸተቱት፤ ከዚያ ነገሩን አስረዱን። ለበዓሉ አደባባይ እንዲህ ያለ አበባ እየተፈለገ ነው። መደቡ በሙሉ ተነቅሎ ይወሰዳል። ያዳቀለውም ሰው አብሮ ሄዶ እዚያው ያራባዋል፤ ቤትና የሥራ ደረጃ ይሰጠዋል። በክፋት አልተናገሩትም። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ከተባለ እምቢ ማለት አይታሰብም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ፣ ይህን ያዳቀለው ማነው?»

መዝገቡ በብብቴ ሥር ነበር። አፌን ከፈትሁ። እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ ከአፌ ሊወጣ የነበረው ቃል «እሳቸው» ነበር ወይስ «እኔ»? አንዳንድ ቀን የእሳቸውን ስም ልጠራ እንደነበር እርግጠኛ እሆናለሁ። በማግስቱ ደግሞ ያ ቤትና ያ ደረጃ እንዴት እንዳማለለኝ ትዝ ይለኝና ራሴን አላምነውም።

እትዬ ዝማም ቀደሙኝ። «ማንም አላዳቀለው» አሉ፣ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ከቆላ ድባ የመጣ ነው።»

ሰውዬው ደስ አላቸው። አገሩ ላይ ካለ ብዙ ይገኛል ማለት ነው ብለው መደቡ እንዳይነካ አዘዙ፤ እኔን ግን መንገድ እንድመራቸው ያዙኝ። አንዱን ችግኝ በጣሳ አቅፌ፣ እንደሌለ የማውቀውን ተክል ፍለጋ በአዘዞ በኩል ዞረን ከሐይቁ በስተሰሜን ወዳለው ቆላ ድባ ወረድን። ገበያ ነበር። በጤፍና በሽምብራ ሻጮች መካከል ጣሳውን ይዤ ይህን ታውቁታላችሁ እያልሁ ስጠይቅ ዋልሁ። ቅጠሉን ይነኩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲያውቁት ይሻለኛል ወይስ ሳያውቁት? እሱም አልለየልኝም።

በሁለተኛው ቀን አንድ ፍየል ያላቸው ሽማግሌ አዩትና «ይኼማ የኛ ነው» አሉ። ወደ አንድ ድንጋያማ ገደል አፋፍ መሩን። እውነትም ከጉልበት የማይበልጥ ቀጋ ተራራውን ሞልቶታል። ዘጠኝ ዓመት የሠራነው ሥራ እዚህ በራሱ በቅሎ ኖሮ ነው? ሰውዬው አንዱን ቅርንጫፍ ይዘው አገላበጡት። ጫፉ ሁሉ ተግጧል።

«ፍየል ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ካልበሉት እኮ ቤት ያህላል።»

ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን አበሱ። ያመጣነውም እንዲሁ የተጋጠ ቀጋ ነው ብለው ደመደሙ። ጫፉ ቀይ እንደሆነ፣ ያለ ፍየልም አጭር እንደሆነ ማስረዳት እችል ነበር። ጣሳውን አቅፌ ወደ መኪናው ተመለስሁ። ስንመለስ ባሕር ዳር አውርደውኝ ሄዱ፤ ስለ አበባውም ዳግመኛ አልጠየቁም።

በማግስቱ እትዬ ዝማምን መደቡ ውስጥ ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸውና ለምን እንደዋሹ ጠየቅሁ።

«መች ዋሸሁ?» አሉኝ። «ከቆላ ድባ የመጣ ነው አልሁ። እኔ የት የተወለድሁ ይመስልሃል?»

አባታቸው እዚህ ሐይቅ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ለማገልገል ቤተሰቡን ይዘው ሲመጡ፣ እሳቸው በቅሎ ላይ የተቀመጡ ሕፃን ነበሩ ለካ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ በሳቁ መካከል ግን ዐይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ሌላ የሚሉት ያለ መሰለኝ። መኮትኮታቸውን ቀጠሉ።

ከዓመታት በኋላ ባለቤቴ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እሷ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ልትወልድ የደረሰች ነበረች። እትዬ ዝማም ባልሽን ሊወስዱብሽ ነበር፣ አስቀረሁልሽ ብለዋታል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ በለቅሶው ድንኳን እናትነሽ ሌላ ምክንያት ነገረችኝ። እናቷ አዲስ አበባ መሄድ ፈርተው ነበር፤ ውኃ የማይታይበት አገር እንዴት እኖራለሁ ይሉ ነበር አለች። ከራሳቸው መልስ ጋር ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የእኔን የተከፈተ አፍ ግን ማንም አላነሣም። አይተውኝ ነው የቀደሙኝ? ልዋሽ እንደሆነ አውቀው እሳቸው ዋሹልኝ? ወይስ ስሜን በመዝገቡ ላይ ካዩበት ቀን ጀምሮ፣ የእኔም ስም የእሳቸውም ስም እንዳይኖርበት ቆርጠው ነበር? በሕይወት ሳሉ ልጠይቃቸው ሹም አቦ ድረስ የሄድሁበት ቀን ብዙ ነው። ስለ ዝናብና ስለ ጤና አውርተን እመለስ ነበር።

ከዚያ ጉብኝት በኋላ እትዬ ዝማም ለጠየቀ ሁሉ ቁራጭ ይሰጡ ነበር። ከየት የመጣ ነው ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው። በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ጣቢያው ሲበተን መደቡ ተረጋግጦ ጠፋ፤ አበባው ግን ያን ጊዜ በከተማው ጓሮ ሁሉ ገብቶ ነበር። ዛሬ ሰው የቆላ ድባ ጽጌረዳ ይለዋል። እሳቸው ያንን ቤትና ደረጃ ሳያዩ፣ እስከ መጨረሻው የቀን ሠራተኛ ሆነው ቀሩ። ቅር ብሏቸው እንደሆነ አላወቅሁም።

እትዬ ዝማም፣ በቀብርዎ ዕለት ያልተናገርሁትን አሁን ተናገርሁ። አበባውን ያዳቀሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ያሰመርሁት መዝገብ ሌላ ቢልም፣ እርስዎ ራስዎ ሌላ ቢሉም፣ ወረንጦውን ይዘው የተንበረከኩት እርስዎ ነበሩ፤ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ። ዝም እንድል ፈልገው ከነበረ፣ ፈቃድዎን አፍርሻለሁና ይቅር ይበሉኝ። እንድናገር እየጠበቁ ከነበረም፣ በጣም ዘግይቻለሁና ይቅር ይበሉኝ። የትኛውን ይቅርታ እንደምለምን እንኳ አላውቅም። ሁለቱንም ይስጡኝና በሰላም ይረፉ።