ከጥጃው በረት የወጣው ሳይክል

«ይሄ የሴት ሳይክል ነው፤ የሴት ሳይክል ማን ይወስድልኛል?» አለ ቆራሌው፣ የፍሬሙን የፊት ጫፍ ጨብጦ።

የኋላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የወንድ ነው አልኩት። እውነቱን ለመናገር የወንድ ይሁን የሴት ልብ ብዬ አላየሁትም፤ ክርክር ስለነበረ ብቻ ነው የተከራከርኩት። እሱ ወደ ውጭው በር ይጎትታል፣ እኔ ወደ ጓሮ እጎትታለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ለሚ፣ ልቀቅለት» ይለኛል። ከተቀደደ በርሜልና ከሁለት የተበሳ ባልዲ ጋር ደምሮ ለቆራሌው ሊሸጠው የተስማማው እሱ ነው።

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ አምቦ ውስጥ ነው። አሁንም መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ስለምስቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ሁሉን አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻለኛል ብዬ ነው።

ፍሬሙ ጎማ የለውም፣ መሪ የለውም፣ መቀመጫ የለውም። ቤታችንን አባቴ ከአንድ ሟች መካኒክ ወራሾች ሲገዛ ከግቢው ጋር አብሮ የመጣ ነው። እኔ ሳውቀው የጥጃው በረት አጥር ላይ በሽቦ ታስሮ ቀዳዳ ደፍኖ ነበር። ያን ቀን ከአጥሩ ተፈትቶ ጭቃው ሲራገፍ ነው ግንባሩን ያየሁት። የፋብሪካው ምልክት ተነቅሎ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎችና ጋሻ የመሰለ ቅርጽ ቀርተዋል። ስሙ የጠፋበት ነገር ሳይ ደግሞ አላስችል ይለኛል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ተቀምጬ ግጥም እጽፍ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ ነው። አባቴ ግጥም አይጠላም፤ የሚጠላው መቀመጤን ነው። ጊንጪ የእህል መጋዘን ያለው አጎቴ ጆንያ የሚመዝንለት ሰው ሲፈልግ፣ አባቴ እኔን ሳይጠይቀኝ «ለሚ አለልህ» ብሎት ነበር።

እዚያው በር ላይ፣ ፍሬሙን ሳለቅ፣ አባቴን ውርርድ ጠየቅኩት። ይህ ብረት ዋጋ ያለው ነገር ሆኖ ከተገኘ እስከሚመጣው መስከረም ድረስ ስለ ጊንጪ እንዳያነሳብኝ፣ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ ያለ አንድ ቃል ሻንጣዬን እንደማነሳ። አባቴ ቆራሌውን አየ። ቆራሌው ትከሻውን ነቀነቀ። «እሺ» አለ አባቴ፣ «ምስክራችን አንተ ነህ» አለው። ቆራሌውም በርሜሉን ተሸክሞ፣ በነፃ ምስክር ሆኖ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እንቅልፍ አልነበረኝም። የአሮጌ ሳይክል ወዳጆች የሚሰበሰቡበት የቴሌግራም ቡድን አገኘሁ፤ ከየአገሩ ሰው አለበት። ፎቶ አንስቼ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ይህ የየት አገር ነው ብዬ ጠየቅኩ። አንድ እንግሊዛዊ የእኛ ነው አለ። አንድ ጣሊያናዊ ብረቱ የተጋጠመበትን ቦታ አይቶ የለም፣ የእኛ ነው አለ። አንድ ህንዳዊ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ አያቴ ይህንኑ ነበር የሚነዳው አለ። ሦስት አገር በአባቴ የጥጃ በረት ተጣላ።

ሁሉም የተቸገሩት ግን በአንድ ነገር ነው። መሀሉ ላይ የሚያልፈው አግዳሚ ብረት እጅግ ዝቅ ብሏል። የሴት ሳይክል እንዳይሉት የሴቱ አግዳሚ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ የወንድ እንዳይሉት ከፍ አላለም። ደግሞ ከኋላ በግራ በኩል አንዲት ትንሽ የብረት ቀለበት አለችው። ቀለበቷን ያየ አንዱ፣ ለወታደር የተሠራ ሳይክል ነው፣ ጠመንጃ የሚታሰርባት ናት ብሎ ጻፈ።

በዚህ ጊዜ ጨርሶ አበድኩ። ስለዚያ ወታደር ረጅም ግጥም ጻፍኩ። ዝናብ ውስጥ አስነዳሁት፣ ደብዳቤ አስያዝኩት፣ በመጨረሻም ገደል አፋፍ ላይ አቆምኩት። ሻይ ቤት ውስጥ ቆሜ ሳነብ ሁለት ሰዎች አጨበጨቡልኝ፤ አንደኛው ሻይ ቀጂው ነው።

ከተማውም ዝም አላለም። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ፍሬሙን ሊያዩ መጡና፣ የጀርመን ብረት ሲመቱት ይታወቃል ብለው በማንኪያ መቱት። ረዘም አድርጎ ጮኸ። እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ለእኔም ድምፁ ጀርመንኛ መሰለኝ። የቡድኑ ሰዎች ቀለሙን ፋቅ፣ ከሥሩ የፋብሪካ ጽሑፍ ይኖራል ስላሉኝ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት። አረንጓዴው ሲነሳ ጥቁር ወጣ። ጽሑፍ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። አሮጌ ሳይክል ይሰበስባል፤ ፎቶውን አይቶታል፤ ቅዳሜ መጥቶ ያየዋል። ይህን ለአባቴ ነገርኩት፤ ቅዳሜ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ።

ሰውየው ትሁት ነበር። ማግኔትና ትንሽ የእጅ ባትሪ ከቦርሳው አወጣ። ፍሬሙን ገልብጦ አየ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አበራባቸው። ከዚያ እጄን ይዞ ጣቴን ከመቀመጫው መትከያ በታች ካለው ቦታ ላይ አሳረፈው። ትንሽ ጉብታ ነበረች፤ በሞረድ ተስተካክላ፣ በቀለም ተሸፍና የቆየች።

«አግዳሚው በፊት እዚህ ነበር» አለኝ። «እንግሊዝ የተሠራ ጥሩ የወንድ ሳይክል ነበር። አንድ ሰው ቆርጦ ዝቅ አድርጎ በየደው። የተቆረጠ አልሰበስብም፤ ይቅርታ።»

ያቀረብንለትን አምቦ ውሃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ቆራሌውም ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነበርኩ፤ ውርርዱን ያሸነፈው ግን አባቴ ነው። አላሾፈብኝም። ቁም ሳጥን ላይ የነበረውን ሻንጣ አውርዶ፣ አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ፣ አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። «ሰኞ» አለ።

ሻንጣው አጠገብ ተቀምጬ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ጥሩ የወንድ ሳይክል ምን ሲባል ይቆረጣል? አግዳሚው ዝቅ እንዲል የሚፈልገው ማን ነው? ሱሪ የለበሰ ሰው አይደለም። ቀሚስ የለበሰ ሰው ነው። ብድግ ብዬ ጓሮ ልብስ ወደምታጥበው እናቴ ሮጥኩና፣ ዱሮ እዚህ አካባቢ ሳይክል የምትነዳ ሴት ነበረች ወይ አልኳት።

እናቴ ከሳፋው ቀና እንኳን አላለችም። «ሲስተር አስካለ ናቸዋ» አለች። «የጉደሯ አዋላጅ። ሌላ ማን አለ።»

አንድ ወር ሙሉ የዓለምን ሰው የየት አገር ነው እያልኩ ጠይቄአለሁ። የማን ነው ብዬ ግን እናቴን እንኳን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፍሬሙን ይዤ ወደ ጉደር ተነሳሁ። አባቴ አብሮኝ መጣ። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው ሽንፈትህን እስከ መጨረሻው ልየው ብዬ ነው አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ፍሬሙ ጭናችን ላይ ተጋድሞ ሄደ። ረዳቱ ጎማው በሚቀጥለው መኪና ነው የሚመጣው ወይ ብሎ ጠየቀን። አንዲት ሽንኩርት የያዙ እናት የቻይና ነው አሉ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሩሲያ ነው አለ። አባቴ መስኮቱን እያየ ከንፈሩን ነክሶ ነበር፤ ሳቅ እየታገለው እንደሆነ ያወቅኩት ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው።

ሲስተር አስካለ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቤታቸውን ያሳየን የመጀመሪያው የጠየቅነው ሰው ነው። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ሰላምታ ጀመረ። በእኛ አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቶች፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። እሳቸው ግን አባቴን አልሰሙትም። እጄ ላይ ያለውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ቀለሙን ማን ፋቀው?» አሉ።

እኔ ነኝ አልኳቸው።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ አረንጓዴውን መርጬ ያስቀባሁት እኔ ነኝ። ምን አደረገህ?»

ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ስሰብር እንደምቆመው ቆምኩ። ወደ ውስጥ አስገቡን። ፍሬሙን ገና ሳይነኩት፣ ከኋላው በግራ በኩል ቀለበት አለው አይደል ብለው ጠየቁኝ። አለው አልኩ። የማዋለጃ ሻንጣቸውን የሚያስሩባት ነበረች። በዚያች ቅጽበት ገደል አፋፍ ላይ ያቆምኩት ወታደር ከነጠመንጃው ጠፋ።

ታሪኩን እየሳቁ ነገሩን። በወጣትነታቸው ጉደር ሲመደቡ የምጥ ጥሪ ከሩቅ ቀበሌ ይመጣል፤ በእግራቸው ሲደርሱ ሕፃኑ ቀድሟቸው ይቆያል። ስለዚህ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ አንድ የውጭ መምህር ይህን ሳይክል ገዙ። ግን የዩኒፎርሙ ቀሚስ ጠባብ ነው፤ አግዳሚውን አያሻግርም። የመጀመሪያው ቀን በገበያው መሀል ወደቁ፤ ገበያው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ሊያነሳቸው መጣ። ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ ወርቁ የሚባል መካኒክ፣ አንድ ሳምንት ተይልኝ አላቸው። ቆርጦ፣ ዝቅ አድርጎ፣ በይዶ መለሰላቸው። ቀለበቷን ሳይጠይቁት ነው የጨመረላቸው። ያ ወርቁ፣ አባቴ ቤቱን ከወራሾቹ የገዛው ሟች ነው።

«ወርቁ እኔን ፈልጎ ነበር» አሉ ሲስተር። «እኔ ደግሞ ሳይክሉን።»

ከዚያ ነቀምት ተዛወሩ። ሳይክሉን እስክመለስ ብለው እሱ ዘንድ አስቀመጡ። ዓመታት ቆይተው ሲመለሱ ወርቁ ሞቷል፣ ቤቱም ተሸጧል። እሳቸውም ሳይክሌን ሸጦብኛል ብለው ደመደሙ። ይህን ሲነግሩን አሁንም ፈገግ እንዳሉ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«የሞተ ሰው ተቀይሜ ነው የኖርኩት» አሉ። «እሱ ለካ አስቀምጦልኝ።»

አባቴ ነጋዴ ባይሆንም የነጋዴ ወንድም ነው፤ ዝምታው ሲከብደው ዋጋ ያነሳል። ሲስተር፣ ለዚህ ብረት ስንት ቢከፍሉ ደስ ይልዎታል ብሎ ጠየቃቸው። ውርርዱን አስቦ እንደሆነ ገባኝ።

«ለገዛ ሳይክሌ?» አሉት።

ከዚያ ፍሬሙን ከእጄ ተቀብለው ወለሉ ላይ አቆሙት። ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ልደግፋቸው ስነሳ በዓይናቸው አስቀመጡኝ። ቀስ ብለው እግራቸውን አነሱና በአግዳሚው ላይ አሻገሩት። አለፈ። ጎማ የሌለው፣ መሪ የሌለው ሳይክል ላይ፣ ሳሎናቸው መሀል፣ በሰባ ምናምን ዓመታቸው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንደ ልጅ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ እንዲህ አድርጎ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፣ እንባውን በኮፍያው ጠረገ።

ዛሬ ሳይክሉ ጎማም መሪም አለው። አረንጓዴውን መልሼ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ይህ አይደለም ተብዬ በሦስተኛው ተፈቀደልኝ። ወታደሩን ከግጥሜ አውርጄ አዋላጇን አወጣሁበት፤ አሁን ግጥሙ ይሻላል። የቴሌግራሙ ቡድን ውስጥም የተሠራበት ቦታ፣ አምቦ ብዬ ጻፍኩ። እንግሊዛዊው የሳቅ ምልክት ላከ፤ ህንዳዊው እንኳን ደስ አላችሁ አለ። አንዳንድ እሁድ ጉደር እሄድና ሲስተር ሜዳው ላይ ሲነዱ መቀመጫውን ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ። እንዳትለቀኝ ይሉኛል። እኔ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ በምንም ስንኝ ማሰር አልቻልኩም፤ መሞከሬን ግን አልተውኩም።

ያን እሁድ ግን ሳሎኑ ውስጥ ይህ ሁሉ ገና አልነበረም። ሻንጣዬ አልጋው ላይ ነው፤ ነገ ሰኞ ነው። ፍሬሙን የገዛ ሰው የለም። ሳቃችን ጋብ ሲል፣ አባዬ፣ ተሸነፍኩ አይደል አልኩት።

አባቴ እኔን አላየም። ፍሬሙ ላይ ቆመው ሊወርዱ ያልፈለጉትን ሲስተር አስካለን አየ። ኮፍያውን አደረገ።

«አጎትህ ሌላ ሰው ይፈልግ» አለ። ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።